በሐይቅ ደለል ውስጥ የተቀበረ አመድ የጥንት ፍንዳታዎችን እንዴት ይመሰክራል?

ባለፈው እትማችን፣ ሳይንቲስቶች በሐይቆች ሥር በተከማቸ ደለል ውስጥ ስስ የአመድ ንጣፎችን እየፈለጉ፣ ማንም ሰው ያልመዘገባቸውን የእሳተ ገሞራ ፍንዳታዎች ታሪክ መልሰው እንደሚያዋቅሩ በአጭሩ ጠቅሰን ነበር። ከዚያ በኋላ የደረሱን ጥያቄዎች ከጠበቅነው በላይ ስለበዙ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። ተመሳሳይ የሆኑትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አጣምረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ፣ «አመድ በነፋስ የሚበን፣ በዝናብ የሚታጠብ ነገር ሆኖ ሳለ እንዴት ለብዙ ሺህ ዓመታት ሳይጠፋ ይቆያል?» ብለው ጠየቁኝ። ምን ብዬ ላስረዳቸው?

መልስ፦ መጀመሪያ ቃሉን ማጥራት ይጠቅማል። የእሳተ ገሞራ አመድ እንጨት ተቃጥሎ ከሚተርፈው አመድ ጋር በስም እንጂ በባሕርይ አይገናኝም። ከምድር ከርስ ወደ ላይ የሚወጣው ቅልጥ አለት በውስጡ የሟሟ ውሃና ጋዝ አለው፤ ወደ ምድር ገጽ ሲቃረብ የተጫነው ክብደት ስለሚቀንስ ጋዙ አረፋ እየሆነ ይወጣል፣ ቅልጡንም ይበታትነዋል። የተበታተነው ብናኝ በአየር ላይ በቅጽበት ስለሚቀዘቅዝ ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ አያገኝም፤ ብርጭቆ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ስፋቱ ከ2 ሚሊሜትር በታች የሆነው ሁሉ አመድ ይባል እንጂ፣ ነገሩ በአብዛኛው የብርጭቆና የማዕድን ስባሪ ነው። እንዲህ ያለ ስባሪ አይበሰብስም። በጣም ጨዋማ በሆኑና አልካላይንነታቸው በበረታ ሐይቆች ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ሸክላ አፈርና ወደ ሌሎች ማዕድናት የሚለወጥበት ሁኔታ መኖሩ እውነት ነው፤ በአብዛኛዎቹ ሐይቆች ግን ለሺዎች፣ አንዳንዴም ለመቶ ሺዎች ዓመታት ሳይለወጥ ይቆያል።

ተማሪዎችዎ በመሬት ላይ ስለሚሆነው ያሉት ግን ትክክል ነው። በተራራ ተዳፋት ላይ የወደቀ አመድ በጥቂት የዝናብ ወራት ታጥቦ ሊያልቅ ይችላል። ሐይቅ የሚለየው ከዚህ ላይ ነው፤ የሚመጣበትን ይቀበላል እንጂ መልሶ አይሰጥም። ለምሳሌ 30 ማይክሮን ስፋት ያለው፣ ማለትም ከሰው ፀጉር ውፍረት የሚያንስ የብርጭቆ ቅንጣት፣ በረጋ ውሃ ውስጥ በሴኮንድ ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ፍጥነት ይሰምጣል። በዚህ አካሄድ 100 ሜትር ጥልቀት ያለው ሐይቅ ወለል ላይ ለመድረስ ሁለት ቀን ያህል ይፈጅበታል። ብዙ አመድ በአንድ ጊዜ ሲወርድ ደግሞ ውሃውን እያከበደ በጅምላ ስለሚሰምጥ ከዚህም ይፈጥናል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሚወርደው ጭቃ፣ የሞቱ የውሃ ውስጥ ጥቃቅን ሕዋሳትና ከዳርቻ የሚገባው ቅጠል እየሸፈነው ይሄዳል። የሐይቁ ጥልቅ ክፍል ኦክስጅን የሌለው ከሆነ ጭቃውን የሚቆፍሩ ትላትሎች እንኳ ስለማይኖሩ ንጣፉ በወደቀበት መልክ ይቀመጣል።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። አመድ ሁሉ ግራጫ ነው። አንዱን ፍንዳታ ከሌላው በምን ይለዩታል?

መልስ፦ የዚህ ሙያ እምብርት ያነሳኸው ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልሳለን።

ሥራው የሚጀምረው ከሐይቁ ወለል ላይ የደለል ናሙና በረጅም ቱቦ ቆርጦ በማውጣት ነው። በሁለት ቱቦዎች መጋጠሚያ ላይ የሚጠፋ ደለል ስለሚኖር፣ ከአጠገቡ ሌላ ናሙና ከፍታውን በማዛነፍ ይወሰዳል፤ የአንዱን ክፍተት ሌላው ይሞላዋል። ናሙናው ቤተ ሙከራ ሲደርስ በቁመቱ ለሁለት ይሰነጠቃል። አየር ያላገኘው ጭቃ ብዙውን ጊዜ ወደ ጥቁር ያደላ አረንጓዴ ነው፤ አየር ሲነካው ግን ቀለሙ ብዙም ሳይቆይ ስለሚቀየር ወዲያው ፎቶግራፍ ይነሳል። በዚያ ጥቁር ጭቃ መካከል አንዳንዴ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ወይም ግራጫ መስመር ይታያል። በጣት ሲዳሰስ ጭቃው ይለሰልሳል፣ መስመሩ ግን ይሻክራል።

ይህ ግን ቀላሉ ነው። ከእሳተ ገሞራው በጣም ርቆ የወደቀው አመድ በዓይን የሚታይ መስመር አይሠራም። እንዲህ ያለውን ስውር አመድ ለማግኘት ደለሉ በትንንሽ ቁራጮች ይከፈልና ዕፅዋታዊው ክፍል ተቃጥሎ ይወገዳል፤ የቀረው በወንፊት ይጣራል፣ ክብደቱ በልክ በተመጠነ ፈሳሽ ውስጥም ይዘፈዘፋል። ብርጭቆው ከብዙዎቹ ማዕድናት ቀለል ስለሚል ይንሳፈፋል፣ አሸዋው ይዘቅጣል። የተንሳፈፈው በማይክሮስኮፕ ሥር ሲታይ፣ እንደተሰበረ አምፖል የሰሉ ጠርዞች ያሏቸው ቅንጣቶች ይገኛሉ። አንዳንዶቹ ጎባጣ የአረፋ ግድግዳ ናቸው፤ ሌሎቹ ሦስት አረፋዎች ይገናኙበት የነበረው ቦታ ተቆርጦ የቀረ ባለ ሦስት ክንፍ ስባሪ ናቸው። በሁለት የተጠላለፉ የብርሃን ማጣሪያዎች መካከል ሲደረጉ ኳርትዝ የተባለው የአሸዋ ማዕድን ያበራል፣ ብርጭቆ ግን ድርግም ብሎ ይጨልማል። ሠራተኛው እነዚህን ቅንጣቶች አንድ በአንድ ይቆጥራል። በርካታ ሜትር ርዝመት ያለውን ናሙና እንዲህ መርምሮ ለመጨረስ ወራት ሊወስድ ስለሚችል፣ እኔ ለዚህ ትዕግሥት ያለኝ አክብሮት ከፍተኛ ነው።

መለየቱ የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት በኤሌክትሮን ጨረር ይመታል፤ በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች፣ ማለትም ሲሊከን፣ አሉሚኒየም፣ ፖታሲየም፣ ሶዲየም፣ ብረት፣ ካልሲየምና ሌሎችም፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የኤክስ ሬይ ምልክት ስለሚሰጡ መጠናቸው ይለካል። አንድ ቅልጥ አለት ከምን ዓይነት አለት እንደተነሣ፣ በመንገዱ ላይ ምን ያህል እንደቀዘቀዘና የትኞቹን ማዕድናት እንደጣለ የሚወስነው ይህንኑ ድርሻ ነው። ስለዚህ በሐይቁ ውስጥ የተገኘው ብርጭቆ፣ በአንድ እሳተ ገሞራ አጠገብ ከተገኘው ፑሚስ፣ ማለትም በአረፋ ከተሞላው ቀላል ድንጋይ፣ ጋር ሊነጻጸር ይችላል። አንድ እሳተ ገሞራ በተለያየ ዘመን ተመሳሳይ ቅልጥ የሚተፋበት ጊዜ ስላለ ዋና ዋናዎቹ ንጥረ ነገሮች ብቻ የማይበቁበት ሁኔታ አለ። ያን ጊዜ በሚሊዮን ውስጥ በጥቂት ክፍል የሚለኩት ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ይታያሉ፤ የንጣፉ ቅደም ተከተልና ዕድሜም አብሮ ይመዘናል። በእኔ አስተያየት በኬሚስትሪ መመሳሰል ላይ ብቻ ቆሞ «ያው ነው» የሚል ድምዳሜ ሁልጊዜ በጥርጣሬ መታየት አለበት።

ይህ ዘዴ የሚደርስበትን ርቀት አንድ ምሳሌ ያሳያል። በሰሜን አየርላንድ ረግረጎች ውስጥ ምንጩ ያልታወቀ አንድ አመድ ለዓመታት ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ግን አመዱ በአላስካ ከሚገኘው የቸርችል ተራራ፣ እ.ኤ.አ. በ853 ገደማ ከሆነው ፍንዳታ የመጣ መሆኑን በብርጭቆው ኬሚስትሪ አሳየ። ያው አመድ በግሪንላንድ በረዶ ውስጥም ተገኝቷል። የሙያው ስም፣ ቴፍሮክሮኖሎጂ፣ የወጣውም ከዚሁ ሐሳብ ነው፤ አይስላንዳዊው ሲጉርዱር ቶራሪንሶን እ.ኤ.አ. በ1944 አመድ የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ወስዶ አወጣው።

ጥያቄ፦ የአመዱ ዕድሜ በምን ይታወቃል? «ከ233 ሺህ ዓመት በፊት» የመሰለ ቁጥር ሳነብ ሁልጊዜ እጠራጠራለሁ።

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው፤ በዚህ ሙያ ውስጥ ያሉትም በየጊዜው ይጠራጠራሉ።

ቀላሉ መንገድ መቁጠር ነው። በአንዳንድ ሐይቆች ውስጥ የአንዱ ወቅት ደለል ነጣ ያለ፣ የሌላው ጠቆር ያለ ስለሚሆን ጥንዶቹ ልክ እንደ ዛፍ ቀለበት ዓመት ያስቆጥራሉ። በጃፓን የሚገኘው የሱይጌትሱ ሐይቅ ለዚህ ዝነኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ከዚያ የወጣው ናሙና 73 ሜትር ይረዝማል። በመቁጠር የማይደረስበት ሲሆን በደለሉ ውስጥ የተገኙ ቅጠሎችና ዘሮች በራዲዮካርበን፣ ማለትም ተክሉ ከሞተ በኋላ በዝግታ እየመነመነ በሚሄደው የካርበን ዓይነት፣ ይለካሉ። የራዲዮካርበን ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ የሚያልቅበት ጊዜ፣ 5,730 ዓመት ስለሆነ ከ50 ሺህ ዓመት ወዲያ የሚያገለግል አይደለም። ናሙናውም በምድር ላይ የበቀለ ተክል ቢሆን ይመረጣል፤ የውሃ ውስጥ ተክል ከኖራ ድንጋይ ወይም ከእሳተ ገሞራ ጋዝ የመጣ አሮጌ ካርበን ሊወስድ ስለሚችል ከእውነተኛው ዕድሜው በላይ ያረጀ ሆኖ ይታያል።

ከ50 ሺህ ዓመት በላይ ላለው ዋናው ዘዴ አርጎን ነው። በማዕድን ውስጥ ያለው ፖታሲየም 40 በዝግታ ወደ አርጎን 40 ይለወጣል፤ በሞቃቱ ቅልጥ ውስጥ አርጎን ያመልጣል፣ ማዕድኑ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ይታሰራል። የታሰረው አርጎን ሲለካ ፍንዳታው የሆነበት ጊዜ ይገኛል። ችግሩ ሩቅ የሄደው አመድ በጣም የደቀቀ በመሆኑ የሚለካ ክሪስታል የማይገኝበት መሆኑ ነው።

የጠቀሱት ቁጥር ይህ ችግር እንዴት እንደሚፈታ ያሳያል። በኦሞ ሸለቆ ኪቢሽ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘው የጥንት ሰው ቅሪት፣ ኦሞ 1 የሚባለው፣ ከአንድ ወፍራም የአመድ ንጣፍ በታች የነበረ ነው። አመዱ ደቃቅ ስለነበር በቀጥታ ሊለካ አልቻለም፤ የቅሪቱም ዕድሜ ለረጅም ጊዜ ከ200 ሺህ ዓመት ትንሽ ያነሰ ተብሎ ይገመት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት የአመዱን ብርጭቆ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከሚገኘው ከሻላ እሳተ ገሞራ ፑሚስ ጋር አዛመደ። ዛሬ የሻላ ሐይቅ የተኛበት ካልዴራ፣ ማለትም እሳተ ገሞራው ፈንድቶ ሲደረመስ የቀረው ሰፊ ጎድጓዳ፣ ማለት ነው። በእሳተ ገሞራው አጠገብ ያለው ፑሚስ የሚለኩ ትልልቅ ክሪስታሎች ስለነበሩት በአርጎን ተለክቶ 233 ሺህ ዓመት ሆነ፤ የስሕተት ወሰኑ ወደ ላይም ወደ ታችም 22 ሺህ ዓመት ነው። ቅሪቱ ከአመዱ በታች ስለነበር ቢያንስ የዚያን ያህል ያረጀ ነው። እባክዎ ልብ ይበሉ፤ እዚህ ላይ የተለካው የፑሚሱ ዕድሜ ነው፣ ወደ ኪቢሽ የተሻገረው ግን በብርጭቆው ዝምድና ነው። ዝምድናው ስሕተት ከሆነ ቁጥሩ ሁሉ ይወድቃል።

እንዲህ ያለው ስሕተት ደርሶ ያውቃል። በቱርካና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ኬቢኤስ የሚባለው የአመድ ንጣፍ እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው ተባለ። ከእሱ በታች የተገኙት የጥንት ሰው ቅሪቶች ያን ያህል ካረጁ ስለ ሰው ዘር አመጣጥ ብዙ የሚቀየር ነገር ስለነበር ለዓመታት ብርቱ ክርክር ተነሣ። በኋላ በጥንቃቄ የተደረጉ ልኬቶች ወደ 1.9 ሚሊዮን ዓመት አወረዱት። የመጀመሪያው ስሕተት ምክንያት ከሌላ ቦታ ታጥቦ የገባ አሮጌ ማዕድን ከአመዱ ጋር መደባለቁ ነበር። ክርክሩን ለመቋጨት ከረዱት ነገሮች አንዱ፣ የጂኦሎጂ ተመራማሪዎቹ ቱሬ ሰርሊንግና ፍራንክ ብራውን ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህንኑ አመድ በኬሚስትሪው አማካይነት በኦሞ ከሚገኝ ንጣፍ ጋር ማዛመዳቸው ነው። የእንስሳት ቅሪቶቹ ቅደም ተከተልም ካነሰው ዕድሜ ጋር የሚስማማ ነበር። ዛሬ ክሪስታሎች ከአንድ በላይ ተደባልቀው ሳይሆን አንድ በአንድ የሚለኩት፣ እንዲህ ያለው እንግዳ ማዕድን ተለይቶ እንዲወጣ ነው።

የተለመደው የዓመት ቆጠራ እንኳ ይታረማል። በጀርመን የላኸር ሐይቅ እሳተ ገሞራ አመድ በአውሮፓ ብዙ ሐይቆች ውስጥ ስለሚገኝ እንደ ማመሳከሪያ ያገለግላል። በሐይቅ ደለል ቆጠራ ከ12,900 ዓመት በፊት ገደማ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 በፍንዳታው የተቀበሩ ዛፎች ተመርምረው 13,006 ዓመት ሆነ፤ የስሕተት ወሰኑም 9 ዓመት ብቻ ነው። ያ አመድ ያለባቸው ሐይቆች የዘመን መለኪያ ሁሉ በዚህ ምክንያት ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ተገፋ።

ጥያቄ፦ የሲቪል መሐንዲስ ነኝ። በአንድ ሐይቅ ውስጥ ወፍራም የአመድ ንጣፍ መኖሩ ፍንዳታው ትልቅ እንደነበር ያሳያል? ከሌለስ ፍንዳታ አልነበረም ማለት ነው?

መልስ፦ ለሁለቱም መልሳችን አይደለም የሚል ነው።

ውፍረት በርቀት ይቀንሳል፣ በነፋስ አቅጣጫ ይለወጣል፤ ከዚያም በላይ ሐይቁ ራሱ ያዛባዋል። በዙሪያው ካሉት ተዳፋቶች ላይ የወደቀው አመድ በቀጣዮቹ ዝናቦች ታጥቦ ወደ ሐይቁ ስለሚገባ፣ ከሰማይ የወረደው ሁለት ሴንቲሜትር ብቻ የነበረው ንጣፍ በጥልቁ ክፍል አሥር ሴንቲሜትር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ታጥቦ የገባው ብዙውን ጊዜ ከአፈርና ከዕፅዋት ስባሪ ጋር የተቀላቀለ ስለሆነና የቅንጣቶቹ መጠን በሥርዓት ከታች ወደ ላይ እየደቀቀ ስለማይሄድ፣ በቀጥታ ከወደቀው ይለያል። የፍንዳታ መጠን የሚሰላው በብዙ ሐይቆችና በየብስ ላይ በሚገኙ ቦታዎች የተለካው ንጹሕ ውፍረት በካርታ ላይ ተሥሎ፣ በእኩል ውፍረት መስመሮች መካከል ያለው ይዘት ሲደመር ነው። አንድ ሐይቅ ብቻ ይዞ ይዘት ማስላት፣ እንደ እርስዎ ላለ ሰው አንድ የመሬት ጉድጓድ ብቻ ቆፍሮ መሠረት እንደመንደፍ ነው።

አለመገኘቱን በተመለከተ፣ ነፋሱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነፍሶ ሊሆን ይችላል፤ ሐይቁ በዚያ ዘመን ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ ወይም አመዱ ስውር ሆኖ ማንም አልፈለገው ይሆናል። በጣሊያን የሞንቲኪዮ ሐይቅ ባለፉት 130 ሺህ ዓመታት ገደማ ውስጥ ከ300 በላይ የአመድ ንጣፎች የተገኙት፣ ሐይቁ ከደቡብ ጣሊያን እሳተ ገሞራዎች ነፋስ በሚነፍስበት በኩል ስለሚገኝ ነው። በተቃራኒው አቅጣጫ ያለ ሐይቅ ያንኑ ታሪክ በጥቂት ንጣፎች ብቻ ሊይዝ ይችላል። በዚህ ምክንያት «በአማካይ በየስንት ዓመቱ ይፈነዳል» የሚለው ስሌት ሁልጊዜ ዝቅተኛውን የፍንዳታዎች ቁጥር እንጂ ሙሉውን አይሰጥም።

ጥያቄ፦ የቶባ ፍንዳታ የሰውን ዘር ሊያጠፋ ተቃርቦ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። የሐይቅ ደለል ስለዚህ ምን ይላል?

መልስ፦ በሱማትራ ደሴት ላይ ከ74 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ የሆነው የቶባ ፍንዳታ ባለፉት ሁለት ሚሊዮን ዓመታት ከታወቁት ሁሉ ትልቁ ነው። ዓለምን ለዓመታት እንዳቀዘቀዘና ሰዎችን እንዳመናመነ የሚናገረው መላምት የተመሠረተው በአብዛኛው በመጠኑ ግዙፍነት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ግን የቶባን ስውር አመድ ከ7 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በማላዊ ሐይቅ ደለል ውስጥ አገኘ። የዚህን ግኝት ዋጋ እንዲህ ይረዱት፤ ፍንዳታው በደለሉ ውስጥ የትኛው ሚሊሜትር ላይ እንደሚገኝ ከታወቀ፣ ስለ ዕድሜ መከራከር ሳያስፈልግ ከእሱ በላይና በታች ያለውን ደለል አነጻጽሮ የተለወጠ ነገር መኖሩን ማየት ይቻላል። ተመራማሪዎቹ ይህን ሲያደርጉ በሐይቁ ሙቀት ላይ ጎላ ያለ ቅዝቃዜ አላገኙም። ይህ ውጤት በምሥራቅ አፍሪካ ረጅም የእሳተ ገሞራ ክረምት ሆነ የሚለውን ሐሳብ ክፉኛ ያዳክመዋል፤ በሌላ የዓለም ክፍል ስለሆነው ግን በራሱ አይናገርም።

አንድ ነገር መጨመር እፈልጋለሁ። አየሩን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት አመዱ ሳይሆን፣ ወደ ላይኛው ከባቢ አየር የሚወጣው የሰልፈር ጋዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የፒናቱቦ ፍንዳታ የዓለምን አማካይ ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ለጊዜው የቀነሰው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ወፍራም አመድ የግድ ብርቱ ቅዝቃዜን አያመለክትም። የሰልፈሩ ምልክት የሚፈለገው በዋልታ በረዶ ውስጥ ነው፤ አመዱ በሐይቁም በበረዶውም ውስጥ ሲገኝ ሁለቱ ማስረጃዎች በአንድ ዓመት ላይ ይገናኛሉ።

ጥያቄ፦ መንገድ ሲቆረጥ በተጋለጠ የድሮ ሐይቅ ደለል ውስጥ ነጭ መስመር አየሁ። አመድ መሆኑን በምን ላውቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ነጭ የሆነ ሁሉ አመድ አይደለም። በሐይቅ ደለል ውስጥ በብዛት የሚያሳስቱት ሁለት ናቸው። አንደኛው ኖራማ ደለል ነው፤ ኮምጣጤ ጠብ ሲደረግበት ይፈላል፣ አመድ አይፈላም። ሁለተኛው ዳያቶማይት ሲሆን፣ ዳያቶም ከተባሉ በዓይን የማይታዩ የውሃ አልጌዎች የሲሊካ ቅርፊት የተሠራ ነው። ይህም ኮምጣጤ አያፈላውም፤ በጣም ቀላል ነው፣ ደረቁ በጣት ሲታሸ እንደ ዱቄት ይለሰልሳል፣ እርጥበትን በፍጥነት ይመጥጣል። አመድ ግን በጣቶች መካከል ይሻክራል፣ በፀሐይ ላይ ሲያዘነብሉትም በአጉሊ መነጽር የሚያብለጨልጩ ነጥቦች ይታዩበታል። የታችኛው ጠርዙ ብዙ ጊዜ እንደ ቢላ የተቆረጠ ነው፤ የላይኛው ጠርዝ ግን ቀስ በቀስ ወደ ደለሉ ይደበዝዛል።

የአመዱም የዳያቶማይቱም ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ አፍና አፍንጫዎን ሳይሸፍኑ አይፋቁት። ወደ ባለሙያ ሊወስዱት ካሰቡ፣ ከመፋቅዎ በፊት መለኪያ አጠገቡ አስቀምጠው ፎቶ ያንሡት፤ ቦታውን፣ ከላይኛው የመሬት ገጽ ያለውን ርቀትና የቱ ጫፍ ወደ ላይ እንደነበረ በናሙናው ከረጢት ላይ ይጻፉ።